«ገደማ» በእንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ የተማርኩት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሜ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ደብረ ታቦር ከአንዲት ፈረንጅ ነርስ ጋር ሦስት ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ፣ ፋሻ ቀቅያለሁ። እሷ ቁጥር ላይ ቀልድ አታውቅም። «ሁለት ማንኪያ» ካለች ሁለት ነው፤ ከተሳሳትኩ በሽተኛው ይሞታል። ጠላት ሲመጣ እሷ አገሯ ገባች፤ እኔም ጉና ግርጌ ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ።

ጠላት ሊወጣ በተቃረበበት ዓመት አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ከአርበኞች ጋር ሊሠራ ወደ አገራችን መጣ። የአርበኞቹ አለቃ፣ ፊታውራሪው፣ አስተርጓሚ ሲያፈላልጉ የእኔን ወሬ ሰምተው አስጠሩኝ። ታላቅ ወንድሜም ከእሳቸው ሰዎች አንዱ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከተማው ውስጥ ላለው የጠላት ምሽግ እንጨት የሚሸጡ ሽማግሌ ገበሬ ቀረቡ። እንግሊዙ ጠየቀ፤ እኔም «አባቴ፣ በታችኛው በር ስንት ወታደር አለ ይልዎታል» አልኩ።

«እንጃ ልጄ፣ አንድ ሠላሳ አርባ ቢሆኑ ነው» አሉ።

«ፎርቲ» አልኩት። ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪው ስምንት ሰው መረጡ። ንጋት ላይ በታችኛው በር ሾልከው የስልኩን ሽቦ ሊቆርጡ ነው። ወንድሜ ጠመንጃውን እየወለወለ «አርባ ብቻ ከሆኑማ ቀላል ነው» ሲል ሰማሁት። ሽማግሌው «እንጃ» ብለዋል። «ቢሆኑ ነው» ብለዋል። እኔ ሁለቱንም ውጬ አርባን ብቻ ሰጠሁ፤ ክፋት አስቤ ሳይሆን ቃሉን ስላላወቅሁት። በዚያ ሰሞን ቃል ያምታታ ሰው ባንዳ ተብሎ ይታሰር ነበር። ዝም ብልስ? ወንድሜን አየሁትና ተነሣሁ።

«አርባ አይደለም» አልኩት እንግሊዙን።

«ታዲያ ስንት ነው?»

«አርባ ነው። አርባ አይደለም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ፊታውራሪው ብድግ አሉ። «ምንድን ነው የምትይው? ጠዋት ሌላ፣ አሁን ሌላ?»

«ጌታዬ፣ ሽማግሌው እርግጠኛ አልነበሩም። እሱን የምልበት ቃል አጣሁ።»

«ቃል አጣሁ? ሰው ልልክ ነው እኮ!»

ቃሉን ስፈልግ ነርሷ ትዝ አለችኝ። በመድኃኒት ነገር ያን ያህል ጥንቁቅ የነበረችው ሴት፣ ነፍሰ ጡር «መቼ እወልዳለሁ?» ስትላት ግን ትከሻዋን ሰብቃ «አባውት ቱ ዊክስ፣ ሜይቢ» ትል ነበር። እኔም «ሁለት ሳምንት ገደማ ይሆናል፣ እግዜር ያውቃል» ብዬ እተረጉምላቸዋለሁ።

«አባውት ፎርቲ» አልኩ። «ሜይቢ!»

እንግሊዙ ቀና ብሎ አየኝ። የጻፈውን ሰርዞ ሽማግሌውን መልሱልኝ አለ።

«አባቴ፣ ወታደሮቹን ቆጥረዋቸዋል?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ የት አግኝቼ! በሩን መች አልፌ አውቃለሁ? ከውጭ የሚጨሰውን የማብሰያ እሳት አይቼ ገምቼ ነው እንጂ።»

ጉዞው ለጊዜው ቀረና ምሽጉ ድረስ በርበሬ የሚያገባ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ተላከ። እስኪመለስ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እንግሊዙ ግን እንደ «ገደማ» ያሉ ሌሎች ቃላት ያስጠናኝ ጀመር፦ «ራፍሊ»፣ «ኦር ሶ»፣ «ሰምዌር አራውንድ»። አንዷን ብረሳ ሰው የማስገድል እየመሰለኝ ቀኑን ሙሉ አነበንባቸው ነበር።

ነጋዴው በሦስተኛው ቀን መጣ። በታችኛው በር አዲስ ጦር ገብቷል፤ እሱ ራሱ የቆጠረው ከመቶ በላይ ነው፤ መትረየስም ተጠምዷል። ስምንቱ ሰዎች በዚያ መሄዳቸው ቀርቶ ከምሽጉ ጀርባ ባለው ገደል በኩል ወጡ፤ ሽቦውንም ቆረጡ። እኔ ሸንተረሩ ላይ ተቀምጬ እስከ ረፋድ ጠበቅኋቸው። ስድስት ሆነው ተመለሱ። ወንድሜ ክንዱ ላይ ቆስሎ ነበር፤ ራሴ አጠብኩለት። ከቀሩት ሁለት አንዱ ጓደኞቹ እያዩት ተመትቶ ወድቋል። ሌላው የት እንደቀረ ግን ያየ አልነበረም።

የዚያ የጠፋው ልጅ እናት በማግስቱ መጡ። «ፈረንጁን ጠይቂልኝ፤ ልጄ አለ?» አሉኝ።

ጠየቅሁት። «ፐርሃፕስ ኤ ፕሪዝነር» አለ።

«ምናልባት ተማርኮ ይሆናል ይላል» አልኳቸው።

እሳቸውም በዚያው ተጽናንተው ሄዱ። ከተማው በአርበኞቹ ተይዞ እስረኞቹ ሲፈቱ ሴትዮዋ ከሁሉ ቀድመው የምሽጉ በር ላይ ቆመው ነበር። እኔም አብሬያቸው ቆምኩ። የመጨረሻው እስረኛ እስኪወጣ ድረስ እጄን አልለቀቁም፤ ልጃቸው ከመካከላቸው አልነበረም።