እናቴን በጥርሷ አገኘኋት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ መቃብር ቦታ መካከል፣ ቄሱም ጎረቤቱም እያዩኝ፣ ለገበያ እንደቀረበች በቅሎ አፌን በልቅጬ ቆምኩ። አትሳቁ... እስከ አሁን ልቤ ይመታል!

እኔ አስመራ፣ ገዛ ባንዳ ሰፈር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ደንበኞቼ ከመሃል አገር የመጡ መኮንኖች ሚስቶች ናቸው። አማርኛዬንም ከቀሚሳቸው ጋር ነው የለካሁት፤ ቢጠብም ቢሰፋም ይቅር በሉኝ።

እናቴም ልብስ ሰፊ ነበረች። ለጣልያን ሴቶች እየሰፋች ነው ያሳደገችን። ያረፈችው በክረምት፣ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት በነበረ ሰሞን ነው። አባቴ ወደተቀበረበት ወደ ዓዲያችን፣ ወደ ገጠር መንደራችን ልንወስዳት አልቻልንም። «ለጊዜው ነው እናቴ፣ ከአባቴ ጎን አሳርፍሻለሁ» ብዬ እዚሁ አስመራ ቀበርኳት። ያ ለጊዜው ያልኩት ስንት ዓመት ሆነው መሰላችሁ...

አሁን በመቃብሩ በኩል መንገድ ሊወጣ ነውና «ሙታናችሁን አንሱ» ተባልን። ደስ አለኝ! ቃሌን የምፈጽምበት ቀን መጣ ብዬ ማኪና ተከራይቼ ሄድኩ። ስደርስ የእንጨት መስቀሎቹ የሉም። ዝናብ ይጣላቸው ማገዶ ለቃሚ ይውሰዳቸው፣ እግዜር ይወቅ።

ከእናቴ አጠገብ የተቀበሩት ጎረቤታችን የነበሩት አደይ ለተማርያም ናቸው። ሁለቱም ባንድ ክረምት ነው የሞቱት። ሲቆፈር ሁለት አጽም ወጣ፣ አንዱ በዛፉ በኩል፣ አንዱ በግድግዳው በኩል፤ የተገነዙበት ጨርቅ አፈር ሆኗል። ማን የማን እንደሆነ በምን ይለይ?

የአደይ ለተማርያም ልጅ ንግስቲም መጥታለች። «በዛፉ በኩል ያለችው የኔ እናት ናት» አለች።

«የምን ያንቺ! በዛፉ በኩል ያለችው የኔ ናት! በእጄ አይደል እንዴ አፈር ያለበስኳት?»

ተያያዝን። ቄሱ ሰለቻቸው። «በቃ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው። ባንድ ጉድጓድ ይረፉ።»

«አይፋልን፣ አይሆንም አቦይ ቀሺ!» ብላ ጮኸች ንግስቲ። «ባንድ አጥር እየኖሩ ሰላም አይባባሉም ነበር፣ አሁን ባንድ ጉድጓድ?»

እሱስ እውነቷን ነው። በዶሮ ነው የተጣሉት... ይቅር፣ ረጅም ነው።

እኔ ግን እንባዬ መጣ። ባንድ ጉድጓድ ከሆኑ እናቴ አባቴ ጋ አትደርስም ማለት ነው። በቃ፣ አለቀ።

«ሓትኖይ፣ እስቲ እኔ ልያቸው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ሓትኖይ፣ አክስቴ ማለቷ ነው። ምሕረት ናት፣ አዲስ አበባ ሕክምና የምትማር የእህቴ ልጅ፤ ለእረፍት መጥታ ነበር። አጥንት አይቶ ሟቹ ሴት ይሁን ወንድ፣ ስንት ዓመት ይሁነው፣ ምን ሲሠራ ይኑር መለየት የሚባል ትምህርት ልቧን ወስዶታል። ምሳ ላይ ስትጀምር «ወይለይ! ምግቡ ይውረድልን!» እያልኩ ነው የማስቆማት። ያን ቀን ግን «እዪ ጓለይ፣ እዪ ልጄ!» አልኳት።

ተንበረከከች። «ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ዳሌያቸው ይናገራል። ሁለቱም አርጅተው ነበር። ቁመታቸውም ተቀራራቢ ነው...» አለች። 

«ዳኛዋ ዘመድ!» አለች ንግስቲ። «አያትሽን ልትመርጪ ነዋ!»

ምሕረት የሁለቱንም ጥርስ በውሃ አጥባ ወደ ፀሐይ አዞረችና አየች፣ አየች... ከዚያ ቀና አለች። «ወይዘሮ ንግስቲ፣ እናትዎ መርፌ ይይዙ ነበር?»

«የኔ እናት? ባለሱቅ ነበረች እኮ! ቁልፍ እንኳ ሲበጠስባት ለሰው ነው የምታስተክለው!»

«ሓትኖይ፣ አንቺስ ክር ይዘሻል?»

ልብስ ሰፊ ይኼን ትጠየቃለች? መርፌዬ ከነክሯ ደረቴ ላይ ተሰክታለች።

«በጥሺው።»

እንደ ሁልጊዜው በጥርሴ ቀጨም! አደረግኩት።

«እንዳትንቀሳቀሺ! አፍሽን ክፈቺ!»

ከፈትኩ። ምሕረት አንዱን ራስ ቅል አንስታ ጉንጬ አጠገብ ያዘችው። ቄሱ አማተቡ። «እዩ» አለች፣ «የሓትኖይ የፊት ጥርስ ጫፉ ላይ ተቦርቡሯል። ዕድሜ ልክ ክር ሲበጠስበት እንዲህ ይሆናል። ይቺኛዋም እዚያው ጥርስ ላይ ያው ምልክት አላት። ሌላኛዋ የላትም።»

እናቴ! መስፋት ያስተማረችኝ እሷ፣ ክር አበጣጠስም የወረስኩት ከእሷ!

ንግስቲ አላመነችም። ጣቷን ራስ ቅሉ ጥርስ ላይ አሳረፈች። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያንኑ ጣት እኔ አፍ ውስጥ! ዳበሰችኝ፣ ዳበሰችኝና ሳቋ አመለጣት።

«ሓቂ እዩ፣ እውነት ነው። ግን ይቺን ከየት አነሳሻት ምሕረት?»

«ከግድግዳው በኩል።»

ከግድግዳው በኩል! በዛፉ በኩል ያለችውማ የንግስቲ እናት ነበረች!

«አላልኩም?» አለችኝ ወገቧን ይዛ። «እናቴን ለአባትሽ ልትድሪልኝ ነበር!»

አባቴን አሰብኩት። ስንት ዓመት ሚስቱን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ባለዶሮዋን ጎረቤቱን ሳመጣለት... ንግስቲና እኔ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅንም። ቄሱ የቱን እንደሚገሥጹ ግራ ገባቸው።

በዚያው ቀን እናቴን ይዤ ወጣሁ። ከአባቴ ጎን አሳረፍኳት። ቃሌን ፈጸምኩ፣ ተመስገን!

ማታ ምሕረት መቀስ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «ሓትኖይ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቁረጪ፤ ጥርስሽ እያለቀ ነው።»

«ውሰጂልኝ» አልኳት፤ «ነገ ልጆቼ በኔ ፈንታ ንግስቲን ከመቃብር አንስተው እንዲያለቅሱላት ነው?»