ኤይሊ «አልነካሁም» ያለችበት ሳምንት

ኤይሊ ማክስኪሚንግ ከኢንቨርካርጊል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአሳማ ማርቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አሳማዎቹ የሚረቡት ኩላሊታቸው ለሰው እንዲተከል ነው። ሠራተኛ ሁሉ ቫይረስ እንዳያስገባባቸው ሲገባም ሲወጣም ይታጠባል፤ ቀለበቱን እንኳ በር ላይ ያወልቃል። የበሩን መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርሁ። የቫይረሶቹን ስም ማንበብ የተማርሁት ከስድሳ ዓመቴ በኋላ በራሴ ነው፤ በማላውቀው ነገር ላይ መፈረም ስላልወደድሁ።

ኤይሊ ተጫዋች ነበረች። «የአሳማዎቹ ደም በየወሩ ይመረመራል። ደንካንን ሳገባው ማን መረመረልኝ?» ትል ነበር።

ደንካን ባሏ ነው። በክረምት መግቢያ ላይ ጀልባው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ልቡ ቆመ። የአደን ጓደኞቹ ለለቅሶው አንድ ሙሉ የዱር አሳማ አመጡ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ኤይሊ እጅጌዋን ሰብስባ ጓሮ ውስጥ ሥጋውን ብልት በብልት አውጥታ ጠብሳ አቀረበች። አላለቀሰችም። እኔ ከቀብሩ በቀጥታ ወደ ሥራዬ ስለተመለስሁ ይህን አላየሁም፤ ኋላ ነው የሰማሁት።

በአራተኛው ቀን የማርቢያው በር ላይ ቆመች።

«ምነው፣ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ተሰጥቶሽ የለም እንዴ?» አልኋት።

«ቤት ምን አለ? የሱ ወንበር አለ። አየዋለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ብዕሩን አቀብለኝ፣ አሌክ።»

ቅጹ «ባለፉት ዐሥራ አራት ቀናት ከማርቢያው ውጭ አሳማ ነክተዋል?» ይላል። «አልነካሁም» ብላ ጻፈች። እኔም ፈረምሁ።

ገብታ ከጡጦ ጀምራ ያሳደገቻቸውን ስድስት አሳማዎች መገበች። ከስድስቱ የአንዱ ኩላሊት ዳኒደን ከተማ ለሚኖር አንድ መምህር ተመርጧል፤ ቀዶ ጥገናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

በሳምንቱ መጨረሻ የመምህሩ የስምምነት ወረቀት ቅጂ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ደሙን ሊያስመረምር ፈርሟል። ከሥሩ ሚስቱም ለራሷ ፈርማለች፤ አብራው ስለምትኖር ቫይረስ ቢተላለፍ ወደ እሷም ይደርሳልና። ኤይሊ የሴትዮዋን ፊርማ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አሌክ፣ ያን ቅጽ መልስልኝ።»

«የቱን?»

«አልነካሁም ያልሁበትን። ነክቻለሁ። እስከ ክርኔ ድረስ።»

«ታጥበሽ ነው እኮ የገባሽ» አልኋት፤ ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ አፈርሁ።

«ለዚህች ሴት ንገራታ፣ ታጥባ ነበር በላት።»

መዝገቡን አርመን የእንስሳት ሐኪሟን ማራማን ጠራናት። ከስድስቱም ደምና የአፍንጫ ፈሳሽ ወሰደች። ውጤቱ ደህና ነበር።

«ታዲያ ንጹሕ ናቸው?» አለች ኤይሊ።

«አልተገኘባቸውም፤ እስከዚህ ድረስ ነው የማውቀው። አፍንጫ ላይ ሳይታይ ኩላሊት ውስጥ የሚደበቅ አለ። ደሙም ቶሎ አይናገርም። ኩላሊቱን የሚቀበለው ሰው ደግሞ የመከላከል ኃይሉ በመድኃኒት ተዳክሞ ነው የሚጠብቀው።»

«ቆይተን ብንመረምርስ?»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ ኤይሊ። ስድስቱም ይወገዳሉ።»

የመግደያውን መርፌ ሲወጉ እያንዳንዱን ይዛ የቆመችው እሷ ናት። እንዳይረበሹ ጆሯቸው ሥር ታክካቸው ነበር። ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። ኋላ ኩላሊቶቹ ተከፍተው ተመረመሩ፤ አንድም ቫይረስ አልተገኘም።

መምህሩ ሌሎች አሳማዎች እስኪደርሱለት በማሽን ደሙን እያሳጠበ ቆየ። በአምስተኛው ወር ሞተ። ኤይሊ ያን ጊዜ ከሥራ ተሰናብታ ነበር። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ቤቷ ሄድሁ። ወጥ ቤት ድንች ትልጥ ነበር።

«ባልናገር ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለች።

«ሊተርፍ ይችል ነበር።»

«ሚስቱስ?»

«ደህና ናት።»

ራሷን ነቀነቀች። መሳቢያውን ስባ ሌላ ቢላዋ አወጣችና ሰጠችኝ። ተቀምጬ አብሬያት ላጥሁ።