የአባቴ እርምጃ በስልክ

ወልድያን የለቀቅሁበትን ሌሊት አባቴ ተቀምጠው አነጉት። ሊሸኙኝ ከመንደራቸው ከግራና መጥተው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጅ ልጥራ ስላቸው «እግር እያለን?» አሉና ሻንጣዬን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ መናኸሪያው ቀደሙኝ።

ሐኪም ነኝ፤ የሰውን እግር ጡንቻዎች ለዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ። ያን ማለዳ ግን ከኋላቸው እየሄድሁ የማየው ከቁምጣቸው በታች ያለውን ባታቸውን ብቻ ነበር። ከላይ ጋስትሮክኒሚየስ የሚባለው የባት ጡንቻ፣ ከሥሩ የተሸሸገው ሶሊየስ፤ ሁለቱ በአንድ ጅማት ተረከዝን ይስባሉ። ከቅልጥም ፊት ያለው ቲቢያሊስ አንቴሪየር ደግሞ የእግርን ፊት ከመሬት ያነሣል፤ ተረከዝ መሬት ከነካ በኋላም የቀረውን እግር ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ተማሪዎቼ ዘወትር በፈተና ላይ ይዘነጉት ነበር። ማንሣት ይታያል፤ ቀስ ብሎ ማሳረፍ አይታይም። የአባቴ እርምጃ በመንገዱ ኮብልስቶን ላይ፣ ሻንጣ ተሸክመው እንኳ፣ ድምፅ አልነበረውም።

«ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው» አልኋቸው አውቶቡሱ ሲነሣ።

«ተመስገን» አሉኝ።

አሁን ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጀርመን ትምህርቴን ጨርሼ በሐኪምነት ለመሥራት ፈቃድ ስጠይቅ ማስረጃዬን የመረመረው ሹም ጨዋ ሰው ነበር፤ ጨዋነቱ ነው ያደከመኝ። ወረቀቱ ላይ «የሰው አካል አናቶሚ» የሚለውን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ ስለ እግር የተማርሁት የት እንደ ተጻፈ ጠየቀኝ። እግር የሰው አካል ክፍል እንደ ሆነ ነገርሁት።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለ። «ወረቀቱ ግን አይልም።»

ከስድስት ወር በኋላ «እግርን ጨምሮ» የሚል ደብዳቤ ከአገር ቤት አስመጣሁ። ቀኝና ግራ ተለይቶ እንዲጻፍ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ለሹሙ ሐሳብ እንዳልሰጠው ፈርቼ ተውሁት። ፈቃዱ እስኪመጣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁትን እግር አሁን አጥበዋለሁ።

ማጠብ ግን ያስተምራል። እዚህ የማጥበው እግር ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቁርጭምጭሚቱ ግትር ነው። በአገሬ ሙቀት በተሰነጠቀ ተረከዙ የሚያፍር ሁሉ መጥቶ ይህን ቢያይ ይጽናና ነበር። አከራዬ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት፣ አንድ ቀን በኮሪደሩ ቁጢጥ ብዬ በስልክ ሳወራ አይተው ሆዴን የታመምሁ መሰላቸው። በአገሬ ሰው እንዲህ እንደሚያርፍ ስነግራቸው ሊሞክሩ ግድግዳውን ያዙ፤ ተረከዛቸው ግን ተነሣ። ጉልበት ሲታጠፍ ላይኛው የባት ጡንቻ ይላላል፤ የሚከለክላቸው ከሥሩ ያለው ሶሊየስ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ወንበር ላይ ያሳጠሩት። ይህን ሳስረዳቸው ኩራት ተሰማኝ። አባቴ ከጠዋት እስከ ቀትር ቁጢጥ ብለው ሽንኩርት ያርማሉ አልኋቸው።

ያ ኩራት ሁለት ወር አልቆየም። መርሳ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ዘነበች ደውላ አባባ በቀኝ እግራቸው ይደናቀፋሉ፣ ኮንጎ ጫማቸውም ከፊት በኩል ብቻ አለቀ አለችኝ። አባቴ እሷ ቤት ነበሩና ወዲያው አገናኘችኝ። ጥያቄ ከንቱ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ በእኛ ዘንድ ለጤና ጥያቄ መልሱ አንድ ነው። ያመዎታል? ተመስገን። ይደነዝዝዎታል? ተመስገን። ምስሉም በኔትዎርኩ እየተቆራረጠ የሚያሳየኝ ግንባራቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዘነበች ስልኩን የቤቷ ሲሚንቶ ላይ እንድታኖረውና አባቴ በአጠገቡ እንዲያልፉ አዘዝሁ።

ጸጥ፣ ጧ። ጸጥ፣ ጧ።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። በምሠራበት መኖሪያ አንድ ጡረተኛ እንዲህ ይራመዳሉ፤ ሳላያቸው ከድምፁ እለያቸዋለሁ። ያ የቅልጥም ፊት ጡንቻ የሚያዝዘውን ነርቭ ሲያጣ እግር አያርፍም፤ ይወድቃል። ያ ነርቭ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የምትዳሰሰውን የአጥንት ጉብታ ዞሮ፣ ከቆዳ ሥር ብቻ ተሸፍኖ ያልፋል። ሰው ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ሲል በቋንጃው ጅማትና በአጥንቱ መካከል ይጨፈለቃል። ለአከራዬ የተኩራራሁበት አቀማመጥ መሆኑ ነው። አቀማመጡ በጊዜ ከተተወ ነርቩ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ካልተተወ ጡንቻው እየከሳ ይሄዳል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል በእጅ መመርመር አለበት። የኔ እጅ እዚህ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴ በእድሳት ላይ ስለሆነ ከወጣሁ ስለ መመለሴ ማንም ዋስ አይሆነኝም።

ቁጢጥ ማለት እንዲተዉ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዲያርሙ፣ ወልድያ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ነገርኋቸው።

«እንደ ዳኛ ወንበር ዘርግቼ ሽንኩርት ልረም?» አሉ። «ኧረ ተይ ልጄ፣ የግራና ሰው ይግባኝ ሊልብኝ ነው።»

ይሁን፣ እሄዳለሁ ብለው ግን ቃል ገቡልኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ደወሉ፤ በዘነበች ስልክ፣ ከዘነበች ቤት። ድኛለሁ አሉ። ሐኪሙ ምን አለዎት? ተመስገን። እንዲራመዱልኝ ለመንኋቸው። ዘነበች ስልኩን ሲሚንቶው ላይ አኖረችው።

ጧ። ጧ። ጧ። ጧ።

ሁለቱም እኩል ነበሩ። ጤነኛ እግር ግን ሲያርፍ አይሰማም። አባቴ ደኅናውን ግራ እግራቸውን ከታመመው ጋር እንዲመሳሰል መሬት ላይ እየጣሉት ነበር፤ በጥንቃቄ፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳቱ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ወደዚያኛው ግድግዳ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ አዳመጥሁ።

«ሰማሽ?» አሉ ስልኩን አንሥተው፣ እያለከለኩ። «እኩል ነው አይደል?»

«እኩል ነው አባዬ» አልሁ። «ሰኞ ግን ዘነበች ሐኪም ቤት ትወስድዎታለች። እኔ እንዳልሁ ይንገሯት።»

በአፍንጫቸው ሳቁ።

«አንቺስ?» አሉኝ። «ያ ወረቀትሽ ወጣልሽ? ደኅና ነሽ?»

«ተመስገን» አልኋቸው።