እህቴ በሐዘን የጨፈረችበት ቀን

ከኩባ ተምሮ የመጣው የኪነት አሠልጣኝ ወደ ከተማችን ወደ አርብ ገበያ ሲመደብ «ባይላር» የሚል ቃል ይዞ መጣ። በስፓኒሽ መጨፈር ማለት ነው አለን። የቀበሌው የኪነት ቡድን ዋና ተወዛዋዥ እህቴ ነበረችና በቀላሉ አልለቀቀችውም።

«የትኛው ጭፈራ? ካህናቱ ያሸበሽባሉ፣ በሠርግ ይጨፈራል፣ በትከሻ ከሆነ እስክስታ ይመታል፤ እናንተ ደግሞ መድረክ ላይ ስታወጡት ውዝዋዜ ትሉታላችሁ።»

ሰውዬው ሳቀና «ለሁሉም ባይላር ይበቃል» አላት። ማኅሌቱንም ዘፈኑንም በአንድ ቋት መክተቱ አናደደኝ፤ ለነገሩ ያኔ የማያናድደኝ ነገር አልነበረም።

አባታችን በድጓ ትምህርቱ በታወቀው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ መሪጌታ ነበሩ። እህቴ ኪነት የገባችው በቀበሌው ትዕዛዝ እንጂ በእሳቸው ፈቃድ አልነበረም። ቢሆንም ችለውት ኖሩ።

ነሐሴ ላይ የታላቅ ወንድማችን መርዶ ከሰሜን ጦር ግንባር መጣ። በእኛ አገር ሐዘን የገባበት ቤት ሰው እንኳን ሊጨፍር በሠርግ ዳስ አጠገብም አያልፍም። እህቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ለበሰች። የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣ።

«መሪጌታ፣ ልጅዎ ለበዓሉ ትውጣ። ካልወጣች ይኼኛው ለብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል» አለ፣ በአገጩ እኔን እያሳየ።

አባቴ አቀርቅረው መሬቱን ያያሉ። እህቴ ናት «እወጣለሁ» ያለችው።

በበዓሉ ቀን የተላጨ ራሷን በቀይ ሻሽ ሸፍነው አወጧት። ከሁሉም አብልጣ እስክስታውን መታችው፤ ተወዛዋዦቹ ሁሉ ፈገግ በሉ ተብለው ስለነበር እሷም ፈገግ አለች። ሊቀመንበሩ ሲያጨበጭብ ሰዉም አጨበጨበ። አጠገቤ የነበረች ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ ፊቷን አዞረች።

እኔ ሳልዘምት ቀረሁ። የወንድማችን ተዝካር ዕለት ዳሱ ሞላ። ሰዉ በየተራ እየገባ አባቴን «እግዜር ያጥናዎ»፣ እኔን «ያጥናህ» ይላል። እህቴ ዘንድ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል። ሰው በመጣ ቁጥር እሷ ከተቀመጠችበት ትነሳለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አባቴ አንዲት ቃል ቢናገሩላት ሰው ሁሉ ይሰማቸው ነበር፤ ለምን እንደወጣች ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረምና። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጠበቅኩ። ካህናቱ ለፍትሐቱ ሲጠሯቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። እህቴም ተነሳች። እሳቸውም አልፈዋት ሄዱ።