መቀመጥን እንቢ ያለች አክስቴ

በር ላይ ስትደርሱ እግራችሁ መሬት እንደያዘው ሁሉ አልነሳ ብሏችሁ ያውቃል? አክስቴን የፓርኪንሰን ሕመም በየቀኑ እንዲህ ያደርጋት ነበር። ጂዳ ውስጥ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ማዳሟ "ኸላስ፣ በቃ፣ አገርሽ ግቢ" ስትላት እዚያው ጂዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ እኔ ጋ መጣች።

አንድ አርብ የወሎ ሴቶች መንዙማ ሊሉ ቤታችን ተሰብስበው ሳሉ አክስቴ የበሩ ደፍ ላይ ደርቃ ቀረች።

"እትዬ፣ እዚያው አረፍ ይበሉ" አሏት።

"መቀመጡን መቃብር እደርስበታለሁ። ይልቅ አጨብጭቡልኝ።"

አጨበጨቡ። በየጭብጨባው አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደች መሃላቸው ገባች። አስተማሪ ነኝና ላስረዳ፦ እኩል የሚመጣ ምት የቆመን እግር ያስነሳል።

"እጄም መንቀጥቀጡ ካልቀረ በምት ይንቀጥቀጥ" ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።

አክስቴ ካረፈች ወዲህ አርብ ሲመጣ ቦታዋ ባዶ ነው። እናንተ ግን እግሯ የሚይዛት እናት ካለቻችሁ እጇን አትጎትቱ፤ አጨብጭቡላትና ራሷ እስክትመጣ ጠብቋት።