ጣሪያ ላይ የተሰጣው ቡና

ይህ የሆነው ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ነው። ቦንጋ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሲጠሩኝም እጠግናለሁ። ብዙ ብልሽት አይቻለሁ፤ እንደዚህኛው ግን ከልቤ አልወጣ ያለ የለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ትንሽ መዋኛ ገንዳ አለው። ውሃው ልብስ መቀየሪያው ጣሪያ ላይ በተነጠፈ ጥቁር የሶላር ምንጣፍ ውስጥ እየዞረ ይሞቃል፤ ደመና ሲሆን በጋዝ ማሞቂያ ይታገዛል። ባለቤቱ ገንዳውን ለጋሽ ኃይሌ ፈቅዶላቸው ነበር። ጋሽ ኃይሌ የማንኪራ ሰው ናቸው። ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንቅስቃሴ ልታሠራቸው ስትል ውሃው በረደ።

ተጠርቼ ስደርስ የጋዙ ሲሊንደር ባዶ ነው፤ ከተማውም ውስጥ ጋዝ ጠፍቷል። የቀረችን ፀሐይ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አናት ትበሳለች! ታዲያ ውሃው ምን ሆነ? ፓምፑ ይሠራል። ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ቫልቮቹን አየሁ፣ ቧንቧው ውስጥ የታመቀ አየር ይኖራል ብዬ አስተነፈስኩ። ወደ ጣሪያ የሚወጣውን ቧንቧ በአንድ እጄ፣ የሚመለሰውን በሌላው ያዝኩ። ሁለቱም እኩል ቀዝቃዛ። ንድድ አለኝ፤ የገጠመውን ሰውዬ ስረግም ቆየሁ።

በጀርባ በኩል ዳገቱ ከጣሪያው ጋር እኩል ስለሆነ በዚያ ወጣሁ። ወላሂ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጥቁሩ ምንጣፍ አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቶበታል።

ማነው ያሰጣው ብዬ ወደ ታች ጮህኩ። የጋሽ ኃይሌ ባለቤት እትዬ አስካለ ቀና አሉ። ባላቸውን ሲያስታምሙ የለቀሙት ቡና እንዳይበሰብስባቸው ይዘውት መጥተው፣ ጥቁሩ ነገር ሲነኩት ስለሞቃቸው ነው እዚያ ያሰጡት። ምንነቱን የነገራቸው የለም። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ክው አሉ።

"ውሃውን ያቀዘቀዝኩበት እኔ ነኛ?" አሉ።

ጆንያ አምጡ አልኳቸውና አብረን አነሳነው። ትንሽ ቆይቼ የሚመለሰውን ቧንቧ ያዝኩ፤ ለብ ብሏል።

በማግስቱ ከሰዓት ገንዳው ሞቀ። ጋሽ ኃይሌን ደግፈን አስገባናቸው፤ ባለሙያዋ ወገባቸውን ይዛለች። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። እትዬ አስካለ ገንዳው ዳር ቆመዋል። ከዚያ የጋሽ ኃይሌ ግራ እግር ውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሄደ። ማንም አልነካውም።

"አስካለ፣ እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኩት" አሉ ጋሽ ኃይሌ።

እትዬ አስካለ ከነቀሚሳቸው ገንዳው ውስጥ ገቡ። እኔ "ሱብሃነላህ" አልኩ።

ጋሽ ኃይሌ አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ስነካካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሙቅ ውሃ ብርቄ አልነበረም። ዛሬ ግን ጠግኜ ስጨርስ ቧንቧው እጄ ላይ ሲሞቅ ያ እግር ይታየኛል፤ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።