ሁለት ወንበር የነበራት መንኮራኩር

ታላቅ ወንድሜ የብረት በር ሠሪ ነው። በያጁ ጓደኛው «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል፤ በሩን ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ሜትሩን ዘርግቶ «አንድ ሚሊ ቀርቷታል» ማለት አይተውም። እናታችን «ይሄ ልጅ በልክ ነው የተወለደው» ትል ነበር።

ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ «ትንሽ ልረፍ ብላ ነው፤ ይመለሳሉ» ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

አባትና ልጅ የሚገናኙት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ብሎክ እየደረደሩ በሚገነቡበት ጌም ውስጥ ነው። አሮጌ ኮምፒውተሬን ወርክሾፑ ጥግ ላይ አስቀምጬለታለሁ። የጠፈር መንኮራኩር ይሠራሉ፤ እሷ የፊቱን፣ እሱ የኋላውን፣ ለየብቻ ሠርተው ሊያጋጥሙት።

የማጋጠሚያው ቅዳሜ ደረሰ። አልገጠመም።

«አባዬ፣ ያንተ ጠባብ ነው» አለች ልጅቱ፣ ድምጿ በስፒከሩ እየተቆራረጠ።

«ያንቺ ሰፊ ነው እንጂ!»

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። «ጋሽ ሚሊ፣ ምድር ላይ ያለው በር አልቆ ነው ጠፈር የወጣኸው?»

«አፍህን ዝጋና ቁጠርልኝ።»

ተቆጠረ። የእሱ ወርድ ሰባት ብሎክ፣ የእሷ ስምንት። በግራ ቢያስተካክሉት በቀኝ አንድ ይተርፋል። መሃል ለመሃል ቢያደርጉት በየጎኑ ግማሽ ይጎድላል፤ ጌሙ ደግሞ ግማሽ ብሎክ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ቀላል ነው» አለ ወንድሜ። «የሰፋ በር ይቆረጣል። ከመሃል አንዷን ረድፍ አንሺና ጎንና ጎኑን አስጠጊ።»

ስክሪኑ ላይ አንድም ብሎክ አልተነሳም።

«ልጄ?»

«መሃል ላይ ወንበሮቹ ናቸው፣ አባዬ።»

«የምን ወንበሮች?»

«የነጂዎቹ። ጎን ለጎን። አንዱ ያንተ፣ አንዱ የእማዬ። እኔ ከኋላችሁ ነኝ። የማንን ላንሳ?»

በያጁ መነጽሩን መልሶ ወደ ሥራው ሄደ።

«ምንም አታንሺ» አለ ወንድሜ። «የኔን አሰፋዋለሁ።»

ጌሙ ግድግዳ ገፍቶ አያርቅም፤ አንድ ረድፍ መሃል ለማስገባት የሠራውን ግማሹን መንቀል ነበረበት። ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓቱ እየነቀለ ተከለ። መሃል የነበረውን አንድ ትልቅ ሞተር አንስቶ በቦታው ሁለት አቆመ፤ «ሁለት ሲሆን እኮ ያምራል» አለኝ። በዚያው ሳምንት ስንት ዓመት ሲንጫረር የኖረውን የቤቱን የግቢ በር ማጠፊያ ዘይት አጠጣው። «ሲመጡ እንዳይጮህባቸው» አለ።

ቅዳሜ የኋላውን አቅርቦ አስጠጋው። አሁንም አልገጠመም። የእሷ ሰባት ሆኗል። መስታወቱ ፊት አንድ ወንበር ብቻውን ቆሟል።

«አባዬ፣ አስተካከልኩት!»

«አሰፋዋለሁ አላልኩሽም?»

«እማዬ አየችው። ‹ሁለት ወንበር ለምንድነው?› አለችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ አልጋው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ተመልሰን እንደማንመጣ ነገረችኝ።» ድምጿ ቀጠነ። «‹ለእሱም ድሮ ነግሬዋለሁ› አለች። ነግራሃለች?»

ወንድሜ ወደ እኔ አልዞረም።

«አዎ» አለ። «ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን አሰፋኸው?»

ከበያጁ በኩል ብረት ሲወድቅ ተሰማ። ወንድሜ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«የቀረው ወንበር የማን ነው?»

«የሁለታችሁም። አንተ ስትመጣ ያንተ፣ እሷ ስትመጣ የእሷ። በየተራ።»

«ጎበዝ» አለ። «ጥሩ አስበሻል።» ከዚያ አንዱን ሞተር መንቀል ጀመረ።

«ቀስ በል አባዬ፣ ጣሪያውንም ማጥበብ እንዳትረሳ!»

«እሺ እመቤት።»

እሷ ከወዲያ እየቆጠረች፣ እሱ ከወዲህ እየነቀለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠመ። አንዲት ክፍተት የለችውም። ልጅቱ በደስታ ጮኸች፤ እሱም አብሯት ሳቀ፣ መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ።

ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። የግቢው በር ያለ አንዳች ድምፅ ተከፈተ። ወንድሜ እጁን ማጠፊያው ላይ አሳርፎ ቆመ።

«ይሄ በር» አለኝ፣ «ድሮ ሰው ሲመጣ ይነግረኝ ነበር።»